ቀለሙን ከዓይንሽ ቅጂው

ቆይ፣ አትዝጊው። ከኋላሽ ቆሜ እያየሁሽ ነበር፤ ደህና ነገር ይዘሻል። ልጅቷን በጥቂት መስመር ነፍስ ዘርተሽባታል፤ አያቷም አቀማመጣቸው ሳይቀር የኛን አያት ይመስላሉ። የአኒሜሽን ፊልምሽ ታሪክም ጥሩ ነው፦ ጎንደር አያቷ ቤት ያደገች ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ወደ ሀያትስቪል ወላጆቿ ጋ ትመጣለች፤ ሁለት ዓለም በልቧ ይዛ ትነሳለች፣ ትተኛለች። የምመክርሽ ስለ ቀለሙ ነው። ጎንደርን ከዳር እስከ ዳር ቢጫና ቡናማ አልብሰሻታል፤ ሀያትስቪልን ግራጫና ሰማያዊ። ልዩነታቸው ከሩቅ ይታያል፤ ግን ይሄን ልዩነት ከሌላ ሰው ተውሰሽው ነው የመጣሽው። ወንበሩን ሳብ አድርጌ ልቀመጥና አንድ በአንድ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ይሄ ቢጫ ከየት እንደመጣ እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የስቲቨን ሶደርበርግን «ትራፊክ» ብታዪው፣ ሜክሲኮ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ የትምባሆ ቀለም ተነክሯል፤ ኦሃዮና ዋሽንግተን የሚሆነው ደግሞ ቀዝቃዛ ሰማያዊ ነው። ታሪኮቹ እየተፈራረቁ ሲሄዱ ተመልካቹ የት እንዳለ ወዲያው እንዲያውቅ ረድቶታል፤ ለዚያ ፊልም ሠርቶለታል። ከዚያ በኋላ ግን ልማድ ሆነ። ሆሊውድ ድሃ ናት፣ ሙቀትና አደጋ ይበዛባታል ብሎ ያሰባትን አገር ሁሉ ቢጫ መቀባት ቀለለው። ታሪኩ ዳካ ላይ የሚሆነው «ኤክስትራክሽን» በ2020 ሲወጣ ብዙ ተመልካች በዚሁ ቢጫ ነቅፎታል። እንግዲህ የሰው ዓይን ለምዶታል፤ ቢጫውን ገና ሲያይ አቧራና ችግር ይጠብቃል። አንቺ የአያትን ፍቅር ልትነግሪው ተነስተሻል፤ ቀለሙ ግን ቀድሞሽ ሌላ ወሬ አውርቶ ጨርሷል።

እኛ ስደተኞችም የራሳችን ቢጫ አለን። ናፍቆት ያገርን ነገር ሁሉ ወርቅ ያስመስለዋል። ጭቃው፣ ብርዱ፣ የክረምቱ ጭጋግ ይረሳና ሁልጊዜ ወደ ማታ የምታዘቀዝቅ ፀሐይ ብቻ ትቀራለች። አንቺ ከሁለቱ ከየትኛው እንደወሰድሽ አልጠይቅሽም። ከሁለቱም ራቂ ነው የምልሽ።

ከብርሃኑ ጀምሪ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በበጋ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ የጥላው ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ጥርት ይላል። በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ ከሃምሳ ዲግሪ በላይ ከፍ ትላለች፤ የሰው ጥላ ከራሱ ቁመት ያጥራል። ሀያትስቪል ደግሞ ለባሕር ጠለል ቅርብ ናት። በዚያው በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ሠላሳ ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ ጥላው ከባለቤቱ ይረዝማል፤ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሐምሌ ላይ ሌላ ነው፤ አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ሰማዩ ነጣ ይላል፣ የሩቁ ነገር ይደበዝዛል፣ የዛፉ አረንጓዴ ይከብዳል።

እንዲህ ስትመለከቺ አንድ ነገር ይገለጥልሻል። ጎንደር በነሐሴ ግራጫና አረንጓዴ ናት፤ ሀያትስቪል በጥቅምት መጨረሻ ቀይና ብርቱካናማ ናት፤ ጡብ ቤቶቿም ቀይ ናቸው። ማለትም አንቺ የሰጠሻቸው ቀለም በብዙ ወራት ተገልብጦ ይገኛል። ታዲያ የትኛውን ወር እንደምትስዪ ሳትወስኚ ቀለም መምረጥ አትችዪም። የልጅቷ መምጫ መቼ ነው? ክረምቱ ሳይወጣ ነው ወይስ ለጥምቀት? ይሄን ከወሰንሽ ግማሹ የቀለም ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

አሁን ወደ አያታችን ጓዳ እንግባ። አንቺ ግድግዳውን ቡናማ አድርገሽ አልፈሽዋል። በደንብ አስቢው። ግድግዳው በዓመታት ጥላሸት ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ግን እሳቱ ባለበት በኩል ወደ ቀይ ያደላል፣ በሩ ባለበት በኩል ወደ ሰማያዊ። በሩ ራሱ ብዙ የአገራችን በር እንደሚቀባው ውሃ ሰማያዊ የተቀባ ነው፤ እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ከትንሿ መስኮት የሚገባውን የብርሃን ዘንግ ደግሞ ጭሱ ይሞላዋል። ጭስ ጥቁር ነገር ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ ይመስላል፤ ብርሃን ፊት ሲያልፍ ቡናማ ይሆናል። ያንኑ አንድ ጭስ በሁለት ቀለም ብትስዪው ጓዳው ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ተመልካች እንኳ ዓይኑን ያሸዋል። ጎንደርሽን ከእንዲህ ያለ ነገር ሥሪያት፤ ያኔ ማንም ከማንም አገር ጋር አያምታታትም።

ይህን ካልኩሽ በኋላ ዋናውን ነገር ልንገርሽ። በአኒሜሽን ዓለምን ከዓለም የሚለየው ቀለም አገር አይደለም የሚከተለው፤ የሰውን ሆድ ነው። በ1994 የወጣውን «ዘ ላየን ኪንግ» አብረን አይተነዋል። አንበሳው ሙፋሳ ሲገዛ ሜዳው ወርቅና አረንጓዴ ነበር፤ ወንድሙ ስካር ሲገዛ ያው ሜዳ፣ ያው ቋጥኝ አመድ ለበሰ። አገሩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሚገዛው ነው። የሙፋሳ ልጅ ሲምባ ሲመለስ ዝናቡ ወረደ፣ ቀለሙም ተመለሰ። ልጆች ይሄን ማንም ሳያስረዳቸው ይረዱታል።

«ኮኮ» ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይጠቅምሻል፤ ያንቺን ዓይነት ሁለት ዓለም የያዘ ፊልም ነውና። የሕያዋኑ ከተማ ሳንታ ሴሲሊያ ስክን ያለ የአፈርና የግድግዳ ቀለም ነው የተሰጣት። የሙታኑ አገር ግን በወይን ጠጅ፣ በሰማያዊና በብርቱካናማ መብራት ይንቦገቦጋል። በ2005 የወጣው «ኮርፕስ ብራይድ»ም እንዲሁ አድርጓል፤ የሕያዋኑ ቤት ሕይወት የራቀው ግራጫ ነው፣ የሙታኑ ሰፈር ጭፈራና ቀለም የሞላበት። ሁለቱም ፊልሞች ተመልካቹ ሞት ጥቁር፣ ሕይወት ብሩህ ብሎ ሲጠብቅ ገልብጠው ሰጡት፤ በዚያም ምክንያት ታሪኩ ገና ሳይነገር ሰው ማሰብ ይጀምራል። «ኮኮ» ውስጥ ሁለቱን ዓለም የሚያገናኘው ደግሞ የአበባ ድልድይ ነው፤ ብርቱካናማው አበባ ሕያዋኑ ቤት ባለው መሠዊያ ላይም፣ በመቃብሩም፣ በድልድዩም አለ። ዓይናችን ያንን ቀለም ተከትሎ ነው የሚሻገረው። ይሄን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሌላው «አፕ» ነው፣ የ2009ኙ። የሽማግሌው የካርል ሚስት ኤሊ በሕይወት ሳለች ቤቱ በደማቅ ሮዝና በሞቀ ብርሃን የተሞላ ነበር። እሷ ስትሞት ቀለሙ አብሯት ሄደ፤ ካርል ግራጫ ቤት ውስጥ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ፊኛዎቹ ሲነሱ፣ ቤቱ እየተንሳፈፈ በአንዲት ትንሽ ልጅ መስኮት ፊት ሲያልፍ፣ በፊኛዎቹ የተጣራው ብርሃን ክፍሏን በሁሉም ቀለም ሞላው። ማንም ቃል አልተናገረም። ተመልካቹ ግን የሽማግሌው ልብ እንደተነሳ ገብቶታል። እንዲህ እንዲሆን ሠዓሊዎቹ ከዚያ በፊት ባሉት ትዕይንቶች ቀለሙን ነፍገውታል። ቀለም ኃይል የሚያገኘው ከነፈጉት በኋላ ሲሰጡት ነው።

አሁን ወደ ፊልምሽ መልሺው። ልጅቷ መጀመሪያ ሀያትስቪል ስትደርስ ማንንም አታውቅም፤ ቀለሙ ይቀዝቅዝ፣ እሺ። ግን ጓደኛ ስታገኝ፣ ትምህርት ቤት ስትስቅ፣ አባቷ ከሥራ ሲገባ ሀያትስቪል እዚያው ግራጫዋ ላይ ትቀራለች? ጎንደርስ አያቷ የታመሙ ዕለት እንደ ድሮው ወርቃማ ትሆናለች? አንድ አገር አንድ ቀለም ብለሽ ካሰርሽው ልጅቷ ልትቀየርበት የምትችልበት ቦታ አይኖርም።

ይሄ ዕውቀት ደግሞ ከውጭ ብቻ የመጣ አይምሰልሽ። የጎንደር ሠዓሊዎች ጥንት ያውቁት ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ቀና ስትዪ ጣሪያው ከመቶ በላይ በሆኑ የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከፍተው ወደ ታች ያዩሻል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን በሁለት ዓይን ሙሉ ፊታቸው ይሳላል፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ገና ታሪኩን ሳታነቢ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መደቡንም እዪ። በመጀመሪያው የጎንደር አሳሳል መደቡ ወጥና ደማቅ ቀለም ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው አሳሳል ግን መደቡን ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ እንዲሸጋገር አድርጎታል፤ ልብሱና ፊቱም ጥላ አገኘ። ሁለቱ አሳሳሎች አንዱን ታሪክ ሲስሉ እንኳ ስሜታቸው የተለያየ ነው። የጎንደሩን ትዕይንት በመጀመሪያው መንገድ፣ የሀያትስቪሉን በሁለተኛው ብትሞክሪስ? ሁለቱም ያንቺው ናቸው፤ ከማንም አልተዋስሻቸውም።

አዲስ አበባ ደግሞ የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ አለልሽ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አንድ መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል ሠርተዋል፤ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ የጊዜውን ትግልና የመጪውን ተስፋ ይዟል። ሦስት ዘመን፣ ሦስት ስሜት ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል የራሱ ገዢ ቀለም አለው። በመስታወት ስለተሠራ ደግሞ ቀለሙን የምታበራው የአዲስ አበባ ፀሐይ ራሷ ናት። ዘመንን ከዘመን በቀለም መለየትን ለመማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ብዙ የለም።

አሁን እጅሽን ወደ ሥራ የሚያስገባ ምክር ልስጥሽ። ፋይሉን ጥቁርና ነጭ አድርጊና እዪው። አየሽ? ልጅቷ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነች። ቀሚሷ ቀይ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ስለሆነ የተለያዩ መስሎሽ ነበር፤ ጥቁረታቸው ግን እኩል ነው። ቀለም ሦስት ነገር አለው፦ ዓይነቱ፣ ምን ያህል ብሩህ ወይም ጥቁር እንደሆነ፣ ምን ያህል ደማቅ ወይም ፈዛዛ እንደሆነ። ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ብቻ ይደክማል። ዓይን ግን መጀመሪያ የሚለየው ብሩሁን ከጥቁሩ ነው።

ይሄን በደንብ የሚያሳይሽ ሰው የዚሁ የሀያትስቪል ልጅ ነው። አሻንጉሊት ሠሪው ጂም ሄንሰን በ1954 የጨረሰው እዚሁ ኖርዝዌስተርን ሃይስኩል ነው። በሚቀጥለው ዓመት እናቱ የተወችውን አሮጌ ካፖርት ቆርጦ፣ ለዓይኑ የፒንግ ፖንግ ኳስ ለሁለት ከፍሎ ከርሚት የሚባለውን አሻንጉሊት ሠራ። ያ የመጀመሪያው ከርሚት ዛሬ እንደምናውቀው ደማቅ አረንጓዴ አልነበረም፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ፈዛዛ ነበር። ያኔ አብዛኛው ሰው ቴሌቪዥን የሚያየው በጥቁርና ነጭ ነው። እና ሰዉን የያዘው ምን ነበር? ነጭ ዓይን ላይ ያለ ጥቁር ብሌን፣ ከመደቡ ተለይቶ የወጣ ቅርጽ። በ2010 ባለቤቱ ጄን ሄንሰን ያንን ከርሚት ከሌሎች አሻንጉሊቶች ጋር ለስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሰጠች። አንድ አሮጌ ካፖርት ሙዚየም የገባው ልጁ ብርሃንና ጥላን ስላወቀበት ነው። አንቺም መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ አሸንፊ፤ ቀለሙ ከዚያ ይመጣል።

ቀጥሎ ከለር ስክሪፕት ሥሪ። ፒክሳር ውስጥ ራልፍ ኤግልስተን በ1995 ለወጣው «ቶይ ስቶሪ» ፊልሙን በሙሉ በትንንሽ የፓስቴል ሥዕሎች ደርድሮ ነበር፤ ፊት ሳይኖር፣ ዝርዝር ሳይኖር፣ የእያንዳንዱ ትዕይንት ቀለምና ብርሃን ብቻ። ለ«አፕ» ይሄንኑ የሠራው ሉ ሮማኖ ነው። ያንቺ ፊልም አጭር ስለሆነ አንድ ወረቀት ይበቃሻል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት የክብሪት ሣጥን የምታክል አራት ማዕዘን ሳዪ፤ ከሥሯ ልጅቷ የሚሰማትን በአንድ ቃል ጻፊ፤ ከዚያ ሦስት ቀለም ብቻ ሙዪባት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ራቅ ብለሽ እዪው። ታሪኩ የት እንደሚሞቅ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚነሳ በቀለሙ ብቻ ካልተነበበሽ፣ ፊልሙን ከጨረስሽው በኋላም አይነበብም።

ቀለም ስታጎራብቺም ጠንቀቅ በዪ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሸቭረል ጎብለን በሚባለው የግድግዳ ምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ መጣበት፤ ሲመረምረው ክሩ ደህና ነበር፣ ያደበዘዘው ጎረቤቱ ቀለም ነው። በ1839 ያሳተመው መጽሐፍ ለሠዓሊዎች ሁሉ መመሪያ ሆነ። ግራጫ ከቀይ አጠገብ ሲቀመጥ አረንጓዴ ይመስላል፤ ከሰማያዊ አጠገብ ሲቀመጥ ይሞቃል። ስለዚህ ሀያትስቪል ቀዝቃዛ እንድትመስል ሁሉን ነገር ሰማያዊ ማድረግ አያስፈልግሽም፤ ከሷ በፊት የምታሳዪው የጓዳው እሳት ሞቅ ካለ፣ ተራ ግራጫ መንገድ ራሱ ብርድ ብርድ ይላል።

ድምቀትን ደግሞ ቆጥቢ። የእናታችንን ነጠላ ተመልከቺ፤ ሰፊው ሜዳ ነጭ ነው፣ ቀለሙ ሁሉ ያለው ጠባቧ ጥለት ላይ ነው። ጥለቱን በሙሉ ነጠላው ላይ ብትበትኚው ጥለትነቱ ይጠፋል። አንቺም አንድ ቀለም ምረጪና አስቀምጪው። እኔ ብሆን ቢጫውን ነው የማስቀምጠው። ከጎንደሩ ግድግዳ፣ ከሰማዩ፣ ከአፈሩ ላይ ሁሉ ቢጫውን አንሺው። ለመስከረም አደይ አበባ ብቻ ይቀመጥ፤ አያትየው በልጅቷ እጅ ላይ ሲያስቀምጡላት ለመጀመሪያ ጊዜ ይታይ። ከዚያ ሀያትስቪል ስትመጣ፣ ሰማያዊ በሆነው የጠዋት ብርድ መንገድ ዳር ቆማ፣ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከጥጉ ዞሮ ይውጣ። «ኮኮ»ን ያዢልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ተመልካቹ ለምን ልቡ እንደተነካ ላያውቅ ይችላል፤ ሁለቱን ዓለም ያገናኘው ግን ያው ቀለም ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የልጅቷ ገጽታ። ጠይም ፊት በቀዝቃዛ ብርሃን ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው ግራጫ ይጨምርበታልና ፊቱ አመድ የነካው፣ የታመመ ይመስላል። እንዲህ አታድርጊባት። ጠይም ቆዳ ብርሃን ይመልሳል፤ ሰማዩን በግንባሯ፣ በጉንጯ አጥንትና በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰማያዊ አድርገሽ አሳርፊው፤ ጥላው ውስጥ ግን ቀዩን ቡናማ አትንሺው። ጆሮዋ ጫፍና ከንፈሯ ሞቅ ይበል። ዓለም ሁለት ቢሆንም ልጅቷ አንድ ናት፤ በሁለቱም ቦታ እሷነቷን የሚይዘው ይሄ ሙቀት ነው።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ሥራ የለም ብለሽ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ስትጀምር የያዘችው የእጅ አሻንጉሊት የሆነች ቀጭኔ ነበር። በኋላም እነሱው ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» የሚለውን አኒሜሽን አመጣ፤ ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ከባድ ነገር ለልጆች በሚገባ መንገድ የሚያነሳ፣ ጀግኖቹ የአገራችን ሴት ልጆች የሆኑበት። መንገዱ ተጀምሯል፤ አንቺ ከሀያትስቪል በኩል ትገቢበታለሽ።

ስለዚህ የኔ እህት፣ ዛሬ ማታ ምንም አትቀቢ። ወረቀቱን አውጪና ትንንሾቹን አራት ማዕዘኖች ሳዪ፤ ከሥራቸው ስሜቱን ጻፊ። ነገ ጠዋት ስትወጪ መንገዱን፣ የጡቡን ቀይ፣ ጥላው የወደቀበትን ቦታ ቀለም አስተውዪ። ወደ ጎንደርም ደውዪና አያታችንን በሩ ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ፣ አሁን ውጭው ምን እንደሚመስል ጠይቂያቸው፤ ደስ እያላቸው ይነግሩሻል። አደራሽን፣ ያላየሽውን ቀለም አትቀቢ። ሁለቱንም አገር በእግራችሁ የምታውቁት እንዳንቺ ያላችሁ ልጆች ናችሁ፤ እናንተ ካልሳላችሁት፣ አንዱ መጥቶ ያንኑ የለመደውን ቢጫ ይቀባላችኋል።